በጉዞ ዋጋ ረገድ የውጭ አገር ነዋሪዎች ጉዳይ

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ጉዞውን የሚያሰናዳው በደባርቅ ከተማ ነው። የፓርኩን የመግቢያ ክፍያ በዚያ ይከፍላል፤ ስካውትና አስጎብኚ ይመደብለታል፤ በቅሎ ከነባለቤቱ ይከራያል፤ ስንቁን ከከተማው ሱቆች ይሸምታል፤ ማደሪያውንም በከተማው ወይም በቡይት ራስ አስቀድሞ ያስይዛል። ከእነዚህ አገልግሎቶች በብዙዎቹ ላይ የሚጠየቀው ዋጋ እንደ መንገደኛው ማንነት ይለያያል። ኢትዮጵያዊው አንድ ዋጋ ይከፍላል፤ ለጉብኝት ከውጭ አገር የመጣውም ሌላ ዋጋ ይከፍላል። ከሁለቱ መካከል ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም የውጭ አገር ዜጋ ሆኖ ኑሮውን በኢትዮጵያ ያደረገ ሰው ነው።

ይህ ሰው በመልኩ ሲገመት ጎብኚ ይመስላል፤ በሰነዱ ሲታይ ግን ነዋሪ ነው። ዋጋው በመልኩ የተተመነበት እንደ ሆነ ቅር ይሰኛል፤ ገንዘቡንም ይዞ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። ስለዚህ የሆቴል ባለቤቶች፣ የትራንስፖርት ሠራተኞች፣ ባለሱቆችና አስጎብኚዎች የውጭ አገር ነዋሪ ማን እንደ ሆነ፣ ሕጉ ስለ እርሱ ምን እንደሚል፣ የዋጋ ልዩነትም የት ላይ ተገቢ፣ የት ላይስ ጎጂ እንደ ሆነ ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል።

የውጭ አገር ነዋሪ ማን ነው?

የውጭ አገር ነዋሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በመጀመሪያ ደረጃ የሚገኙት ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ ገብተው የመኖሪያ ፈቃድ የተሰጣቸው ናቸው። ከነዚህ መካከል ደመወዙን በብር የሚቀበል መምህርና ሐኪም፣ ፋብሪካ ያቋቋመ ባለሀብት፣ ኢትዮጵያዊት ያገባ ወይም ኢትዮጵያዊ ያገባች ሰው ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤቶች ስለሚገኙ፣ በነዚህና በኤምባሲዎች የሚሠሩ የብዙ አገር ሰዎች ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። ለሰሜን ተራሮች ጉዞ እነዚህ ሰዎች ቅርብ ገበያ ናቸው፤ የውቅያኖስ ማዶ በረራ ሳያስፈልጋቸው በሁለትና በሦስት ቀን ዕረፍት ሊመጡ ይችላሉና።

በሁለተኛ ደረጃ የሚገኙት በትውልድ ኢትዮጵያዊ ሆነው የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይሰጣቸዋል፤ ይህም በሕዝብ ዘንድ «ቢጫ ካርድ» ተብሎ የታወቀው ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የሚገኙት ስደተኞች ናቸው። ለዚህ ከደባርቅ በስተደቡብ ባለችው በዳባት የሚገኘው የአለምዋጭ መጠለያ በቂ ምሳሌ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በትግራይ ከነበሩት መጠለያዎች ወጥተው ወደዚህ የተዛወሩ ኤርትራውያን ስደተኞች ከዳባት ገበያ ይሸምታሉ፤ በጎንደር መንገድም ይመላለሳሉ።

እነዚህን ሦስት ወገኖች ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው ፊት አይቶ ዋጋ መተመን እንዴት እንደሚያሳስት ወዲያው ይረዳል። በደባርቅ መናኸሪያ ሦስት መንገደኞች ቢቆሙ፣ አንደኛው ነጭ መምህር፣ ሁለተኛው ከአሜሪካ የመጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ሦስተኛው የአለምዋጭ ስደተኛ ቢሆኑ፣ ዓይን የሚፈርደው የመጀመሪያው ብቻ የውጭ አገር ሰው እንደ ሆነ ነው። እውነቱ ግን ሦስቱም የውጭ አገር ዜጎች መሆናቸው ነው። ከሦስቱም በኢትዮጵያ ውስጥ ረጅም ዘመን የኖረው ምናልባት ያ መምህር ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 እንደ ደነገገው፣ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወይም በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ ውስጥ የሚገኝ የውጭ አገር ዜጋ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ነጻነት አለው። አንቀጽ 25 ደግሞ ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይገልጻል። በዚህ ላይ «ዜጎች» ሳይሆን «ሰዎች» የሚለው ቃል መግባቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 270 ከዚህም አልፎ ይሄዳል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ወደ አገር ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመቀጠርም የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከዚህም በላይ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር አገልግሎቶችን በመጠቀም ረገድ በውጭ አገር ዜጎች ላይ የሚደረገው ገደብ በእርሱ ላይ አይፈጸምም። ቢጫ ካርዱን አሳይቶ መኝታ የሚያስይዝ መንገደኛ «ፓስፖርትህ የውጭ ነው» ተብሎ በጎብኚ ዋጋ እንዲከፍል ቢጠየቅና ቢከራከር፣ የሚከራከረው በሕግ ላይ ቆሞ ነው።

ስደተኞችን በሚመለከት በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 የመዘዋወር መብታቸውን አውቆላቸዋል፤ የመታወቂያ ወረቀትም እንዲሰጣቸው ደንግጓል። እንግዲህ የስደተኛ መታወቂያ በመንግሥት ፈቃድ የሚሰጥ ሕጋዊ ሰነድ እንጂ የሚናቅ ወረቀት አይደለም።

ንግዱን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ ዝርዝር በንግድ ቤቱ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ መለጠፍ ወይም በዕቃው ላይ ማመልከት ይገባዋል፤ ሸማቹም ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአክብሮትም የመስተናገድ መብት አለው። አዋጁ ይህን መብት ለሸማች ሲሰጥ የሸማቹን ዜግነት አልጠየቀም።

ተገቢ የሆነና ተገቢ ያልሆነ ልዩነት

ይህ ሲባል ግን የዋጋ ልዩነት ሁሉ በደል ነው ማለት አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተከለለ፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ ዝርዝር የወጣ ነው። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ጠብቆ ለማቆየት የሚወጣውን ገንዘብ ኢትዮጵያዊው በግብሩ ይከፍላል፤ የአካባቢውም ገበሬ የግጦሽ መሬቱን በመተው መሥዋዕትነት ይከፍላል። ስለዚህ ዜጋው በመግቢያው በር ላይ ጥቂት ቢከፍል፣ ከሩቅ አገር ለአንድ ጊዜ የሚመጣው ጎብኚ ደግሞ ከፍ ያለ ቢከፍል ፍትሕ የጎደለው ነገር አይደለም። ይህን የመሰለ ልዩነት በብዙ አገሮች ፓርኮችና ታሪካዊ ስፍራዎች ይሠራበታል።

በዚሁ መሠረት በፓርኩ የክፍያ አሠራር ውስጥ የውጭ አገር ነዋሪ ከጎብኚው ተለይቶ በራሱ መደብ መታየቱ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ነዋሪው ግብሩን የሚከፍለው በኢትዮጵያ ነው፤ ገቢውንም የሚያጠፋው በኢትዮጵያ ነው። የውጭ ምንዛሪ አሠራርም ቢሆን ሰውን የሚለየው በዋነኛነት በዜግነቱ ሳይሆን ነዋሪ በመሆኑና ባለመሆኑ ነው።

የአገር ውስጥ በረራም ሌላ ምሳሌ ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ኢትዮጵያ በራሱ አውሮፕላን ለገባ ጎብኚ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ቅናሽ ሲያደርግ ቆይቷል። ይህም ልዩነት ነው፤ ነገር ግን የልዩነቱ መነሻ የመንገደኛው መልክ ሳይሆን በእጁ ያለው የጉዞ ትኬት ነው። መንገደኛው ደንቡን አስቀድሞ ያውቃል፤ ዋጋውንም አስቦ ይወስናል።

ከነዚህ ምሳሌዎች የሚወጣው መለያ አጭር ነው። የዋጋ ልዩነት ተገቢ የሚሆነው ምክንያቱ የታወቀ፣ አስቀድሞ የተጻፈና የተለጠፈ፣ በሰነድም የሚረጋገጥ እንደ ሆነ ነው። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ልዩነቱ ታሪፍ መሆኑ ይቀርና «የፈረንጅ ዋጋ» ይሆናል።

የሕዝብ ማመላለሻ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከጎንደር ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የአውቶቡስና የሚኒባስ ዋጋው በመንግሥት ታሪፍ የሚወሰን ነው። ታሪፉ ለወንበርና ለኪሎ ሜትር እንጂ ለዜግነት የወጣ አይደለም። ረዳቱ ከጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት መንገደኞች ከአንደኛው እጥፍ ቢቀበል፣ ወይም የአንደኛውን ሻንጣ ብቻ አስከፍሎ የሌላውን ቢተው፣ ይህ በምንም ደንብ የሚደገፍ አይደለም።

ችግሩ የሚነሣው የት ላይ ነው?

ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሣው ጉዞው ሲያዝና መንገደኛው ሲደርስ ባለው ልዩነት ላይ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር የውጭ አገር ሰው አማርኛ የሚችል ከሆነ ራሱ፣ የማይችል ከሆነም በኢትዮጵያዊ ባልደረባው በኩል ስልክ ይደውላል። በስልክ መልክ አይታይምና የአገር ውስጥ ዋጋ ይነገረዋል፤ ቀብዱንም በባንክ ይልካል። ከጎንደር ተጉዞ አመሻሽ ላይ ሲደርስ ግን አስተናጋጁ ፊቱን አይቶ «ይህ ዋጋ ለኢትዮጵያዊ ነበር» ይለዋል። መንገደኛው ደክሟል፤ ብርዱ ከብዷል፤ ቡይት ራስ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ስፍራ ስለ ሆነ በሌሊት ሌላ ማደሪያ ፍለጋ መውጣት አይታሰብም። ይከፍላል፤ ነገር ግን የሚከፍለው ተገድዶ ነው።

በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የማን ነው? ደዋዩ ነዋሪ መሆኑን አልተናገረ ይሆናል። ነገር ግን ጠያቂው ነጋዴ ነው። ዋጋው በሦስት መደብ የተከፈለ መሆኑን የሚያውቀው ባለሆቴሉ ስለ ሆነ፣ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት «እንግዳው የትኛውን ሰነድ ይዟል?» ብሎ መጠየቅም የእርሱ ፈንታ ነው። ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ዋጋ መጨመር በንግድ ልማድም ቢሆን የሚያስነቅፍ ነው፤ ቀብድ የቃል ማሰሪያ ነውና።

ሁለተኛው ችግር ሰነድ አለመታወቁ ነው። አስተናጋጁ የቀበሌ መታወቂያንና ፓስፖርትን ይለያል፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቢጫ ካርድ ወይም የስደተኛ መታወቂያ ሲቀርብለት ግን ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ «ይህ አይሠራም» ይላል። እዚህ ላይ ክፋት የለም፤ ያለው አለማወቅ ነው። በእንግዳው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ያው ነው፤ ከዳባት ወደ ጎንደር ለሕክምና የሚሄድ ስደተኛ በዚህ ምክንያት ማደሪያ ቢነፈግ ሌሊቱን በመናኸሪያ ማሳለፉ ነው።

ኪሳራው ሲሰላ

ለምሳሌ ያህል የአንድ ማደሪያ ዋጋ ለነዋሪ 3,000 ብር፣ ለጎብኚ 5,000 ብር ነው እንበል። አንድ የውጭ አገር ነዋሪ ከቤተሰቡ ጋር ሁለት ክፍል ለሦስት ሌሊት በነዋሪ ዋጋ አስይዞ መጣ። የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ 18,000 ብር ነበር። ሲደርስ በጎብኚ ዋጋ እንዲከፍል ተጠየቀ፤ ለአንድ ሌሊት 10,000 ብር ከፍሎ በማግሥቱ ወደ ጎንደር ተመለሰ። ባለሆቴሉ በዚያች ሌሊት 4,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ በሒሳቡ ግን 8,000 ብር አጥቷል።

ኪሳራው በእርሱም ላይ አያበቃም። ባለበቅሎው የሁለት ቀን ኪራይ ቀረበት፤ ስካውቱና አስጎብኚው የቀን አበላቸውን አጡ፤ ፓስታና ቆርቆሮ፣ ሻማና ጋዝ ይሸጥ የነበረው ባለሱቅም ገዢ አጣ። ያ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በመሥሪያ ቤቱና በልጆቹ ትምህርት ቤት የሚያወራው ደግሞ በሒሳብ መዝገብ የማይገባ ሌላ ኪሳራ ነው።

ይህን ነገር ከባድ የሚያደርገው ያለፉት ዓመታት ሁኔታ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ የዓለምን ጉዞ አቋረጠ፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ እስከ ዳባትና እስከ ደባርቅ አካባቢ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጎብኚን አራቀ። የውቅያኖስ ማዶ ጎብኚ በሩቅ ሆኖ ዜና ሲያዳምጥ፣ መንገዱ የተከፈተበትን ቀን ቀድሞ የሚሰማውና ቀድሞ የሚመጣው በአገር ውስጥ የሚኖረው ነው። በክፉ ጊዜ የሚመጣን ደንበኛ በደግ ጊዜ ዋጋ መግፋት ለነጋዴ አይበጅም።

በሌሎች አገሮች ያለው ሁኔታ

የውጭ አገር ነዋሪን በጉዞ ማስያዝ ረገድ መለየት በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በደቡብ ኮሪያ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች 13 አኃዝ ያለው የምዝገባ ቁጥር አላቸው። ሆኖም የባቡር፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ቦታ በኢንተርኔት ሊያስይዙ ሲሞክሩ፣ አሠራሩ ለአገሬው ስምና ቁጥር ብቻ የተዘጋጀ እየሆነ ብዙ ጊዜ እንደ ተቸገሩ ይናገራሉ። የስማቸው አጻጻፍ በስልክ ኩባንያው ዘንድ ከተመዘገበው በአንድ ፊደል ቢለይ መዝገቡ አይቀበላቸውም፤ በውጭ አገር ባንክ የተሰጠ ካርድም አይሠራላቸውም። አገሬው በቤቱ ተቀምጦ የሚገዛውን ትኬት እነርሱ በመስኮት ተሰልፈው ይገዛሉ። በዚያ ልዩነቱን የሚያደርገው መሣሪያ ነው፤ በደባርቅ የሚያደርገው ዓይን ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ነዋሪው እንደ መጻተኛ ይቆጠራል።

የኢትዮጵያ አስመጪዎች በብዛት የሚመላለሱባት ቻይና ደግሞ የበለጠ ትምህርት ትሰጣለች። ቻይና በአንድ ወቅት ከውጭ አገር ሰዎች ከፍ ያለ የአውሮፕላንና የባቡር ዋጋ ታስከፍል ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ይህን ተወችው። ከዚያም በኋላ የውጭ አገር እንግዳ ለመቀበል ፈቃድ የለንም የሚሉ ሆቴሎች ብዙ ነበሩ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ሰበብ በጓንጁ ከተማ የሚኖሩና የሚነግዱ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤት ተባረሩ፤ ሆቴሎችም አልቀበልም አሏቸው። በቤጂንግ የሚገኙ የአፍሪካ አምባሳደሮች ይህን ተቃውመው ለቻይና መንግሥት በጽሑፍ አቤቱታ አቀረቡ። በ2016 ዓ.ም. የቻይና መንግሥት ሆቴሎች «ፈቃድ የለንም» በሚል ሰበብ የውጭ አገር እንግዳን እንዳይመልሱ አሳሰበ፤ በዚያው ዓመትም ለቋሚ የውጭ አገር ነዋሪዎች የሚሰጠውን መታወቂያ እንደ ዜጎች ሁሉ 18 አኃዝ ያለው አድርጎ አሳደሰ፤ ይህም የባቡርና የሆቴል መዝገቦች በቀላሉ እንዲያነቡት ነው።

በጓንጁ ሻንጣውን ይዞ በጎዳና የቆመ ኢትዮጵያዊ አስመጪ «ሰነዴን እይ እንጂ ፊቴን አትይ» የማለት መብት አለው። ይህንኑ ቃል በደባርቅ የሚናገር የውጭ አገር ነዋሪ ሲያጋጥም ነጋዴው ሊሰማው የሚገባውም ለዚሁ ነው።

ለነጋዴው የሚበጀው አሠራር

ነገሩን ለማስተካከል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያሉት ነጥቦች ለትንሹም ለትልቁም ንግድ ቤት ይሆናሉ።

1ኛ. የዋጋ ልዩነት ያለው ንግድ ቤት ዋጋውን በሦስት መስመር ጽፎ ይለጥፍ፤ ይኸውም ለኢትዮጵያዊ፣ ለውጭ አገር ነዋሪ፣ ለጎብኚ በማለት ነው። ልዩነት የሌለው ደግሞ አንዱን ዋጋ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይለጥፍ። ያልተለጠፈ ዋጋ ሁልጊዜ ያጠራጥራል።

2ኛ. በስልክም ሆነ በደብዳቤ ቦታ ሲያዝ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ሰነዱ ይጠየቅ። መልሱም ከስሙ አጠገብ ይጻፍ። አንዴ የተስማሙበት ዋጋ እንግዳው ከደረሰ በኋላ አይለወጥ።

3ኛ. አስተናጋጆችና ረዳቶች የሚቀርቡላቸውን ሰነዶች እንዲያውቁ ይደረግ፤ እነርሱም የቀበሌ መታወቂያ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ የስደተኛ መታወቂያና ፓስፖርት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያም 12 አኃዝ ያለው ሲሆን፣ በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎችም ሊመዘገቡበት ይችላሉ፤ ስደተኞችም በዚሁ መመዝገብ ጀምረዋል። ነገር ግን ፋይዳ የሰውየውን ማንነት እንጂ ዜግነቱን የሚያረጋግጥ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም።

4ኛ. ሰነድ የሚጠየቀው ከሁሉም እንግዳ በእኩል ይሁን። ከነጩ ብቻ ጠይቆ ጠይሙን ማሳለፍ ራሱ መለየት ነው።

5ኛ. ለተቀበሉት ገንዘብ ሁሉ ዋጋውና የተከፈለበት መደብ የተጻፈበት ደረሰኝ ይሰጥ። ክርክር ቢነሣ ነጋዴውንም እንግዳውንም የሚያድነው ደረሰኝ ነው።

6ኛ. በቅሎ፣ ስካውትና አስጎብኚ የሚያገናኙ ማኅበራት ታሪፋቸውን ለሆቴሎች ይስጡ፤ እንግዳው በአዲስ አበባ ሳለ የጉዞውን ጠቅላላ ወጪ አስልቶ እንዲነሣ ይረዳዋል።

የደባርቅ ከተማ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሊማሊሞና ወደ ትግራይ የሚወርደው መንገድም መተላለፊያ ናት። እንዲህ ያለች ከተማ የምትኖረው መንገደኛ ባመነባት መጠን ነው። መንገደኛ ደግሞ የሚያምነው ሲነሣ የሰማውን ዋጋ ሲደርስ ያገኘው እንደ ሆነ ነው። ነዋሪን ከጎብኚ የሚለየው ሰነድ በእንግዳው ኪስ አለ፤ ነጋዴው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ያንን ሰነድ መጠየቅ አይክበደው።